ዐፅም ይዞ ስለ ገባው ሽማግሌ

አንዳንድ መጽሐፍ አለ፤ ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል፤ ነገር ግን የሚያመሰግነው ከውስጡ አንዲት ዐረፍተ ነገር ቆንጥሮ ነው። የቀረው ገጽ እንደ ተዘጋ ቤት ይቀመጣል። አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሽማግሌውና ባሕሩ» የተባለው አጭር ልብ ወለድ እኔ በማውቃቸው አንባብያን ዘንድ እንዲህ ያለ ዕድል የገጠመው መጽሐፍ ነው። እኔም ራሴ በእምድብር አካባቢ ባስተማርሁበት ዘመን መጽሐፉን በዚህ ዓይነት ካመሰገኑት ሰዎች አንዱ፣ ምናልባትም ዋነኛው ነበርሁ። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ትችት ከሁሉ አስቀድሞ የሚነካው እኔን ነው።

መጽሐፉን መጀመሪያ ያየሁት በእምድብር በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ ነው። ቀጭን ስለ ሆነ ከወፋፍራሞቹ መጻሕፍት መካከል መርጬ ወሰድሁት፤ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አልነበረኝም። ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። የማውቀው ትልቅ ውሃ በክረምት የሚሞላውን የዋቤን ወንዝ ነው። ነገር ግን እንግሊዝኛው አላስቸገረኝም። ዐረፍተ ነገሩ አጭር፣ ቃሉም በየቀኑ የሚነገር ቃል ስለ ሆነ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መዝገበ ቃላት ሳያበዛ ሊጨርሰው ይችላል። እንዲህ ያለውን ቅለት ብዙ ሰው እንደ ድህነት ይቆጥረዋል፤ ከባድ ቃል ያልተደረደረበት መጽሐፍ የተማረ ሰው የጻፈው አይመስለውም። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው።

ታሪኩን ለማያውቀው ወጣት አንባቢ በአጭሩ ልንገረው። በኩባ አገር፣ በሐቫና አጠገብ ባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ሳንቲያጎ የሚባል ሽማግሌ ይኖራል። 84 ቀን ሙሉ ወደ ባሕር እየወጣ አንድም ዓሣ ሳይዝ ተመልሷል። ማኖሊን የሚባል ልጅ አብሮት ይወጣ ነበር፤ ዳሩ ግን 40 ቀን ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ የልጁ ወላጆች ሽማግሌውን ዕድለ ቢስ ነው በማለት ልጃቸውን ወደ ሌላ ታንኳ አዛወሩት። በ85ኛው ቀን ሽማግሌው ብቻውን፣ ከሌሎቹ ሁሉ ርቆ ወጣ። እኩለ ቀን ሲሆን ማርሊን የሚባል ታላቅ ዓሣ መንጠቆውን ዋጠ። ዓሣው ታንኳውን እየጎተተ ሁለት ሌሊት አደረ፤ በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው በጦር ወግቶ ገደለው። ርዝመቱ ከታንኳው ስለሚበልጥ ከጎን አሰረው። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ሻርክ የሚባሉት ነጣቂ ዓሦች የደሙን ሽታ ተከትለው መጡ። ጦሩ ከመጀመሪያው ሻርክ ጋር ሄደ፤ ቢላዋው ተሰበረ፤ ዱላው ተነጠቀ፤ በመጨረሻም የታንኳው መሪ እንጨት ተሰበረ። ሌሊት ወደቡ ሲደርስ ከዓሣው የቀረው ራሱ፣ የጀርባው ዐፅምና ጅራቱ ብቻ ነበር።

ኩባን የእኔ ዘመን ሰው የሚያውቃት በሌላ ነገር ነው፤ በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ወታደሮቿ ከእኛ ጋር ተሰልፈው ነበርና። ደራሲው የጻፈው ስለ እነዚያ ሰዎች አባቶች ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

መጽሐፉ በወጣበት ጊዜ የተደረገለት አቀባበል የሚያስደንቅ ነው። «ላይፍ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ታሪኩን ሙሉ በሙሉ በአንድ ዕትም አወጣው፤ ያም ዕትም በ2 ቀን ውስጥ ከ5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ1953 እ.ኤ.አ. የፑሊትዘር ሽልማት፣ በሚቀጥለው ዓመት በ1954 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለደራሲው የኖቤል ሽልማት ተሰጠ። ሄሚንግዌይ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን የመጣ ሰው ነበር፤ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜም ስለ ጦርነቱ «እስኳየር» በተባለው መጽሔት ጽፏል። ስለ ጽናት በጻፈው መጽሐፍ የተነሣ ብዙዎች እርሱን ራሱን የማይበገር ሰው አድርገው ያዩታል። ነገር ግን በ1961 እ.ኤ.አ. በሕመምና በጭንቀት ከተሠቃየ በኋላ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጥፍቷል። ይህን የማነሣው ሰውየውን ለመንቀፍ አይደለም። ሰው ከጻፈው ቃል ይልቅ ደካማ ሊሆን እንደሚችል፣ ያም ደካማነት የሚያስነቅፍ ሳይሆን የሚያሳዝን መሆኑን ወጣት አንባቢ አስቀድሞ ቢያውቀው ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

አሁን ወደ ክፍሌ ልመለስ። ተማሪዎቼ ይህን መጽሐፍ እጅግ ይወዱት ነበር። የወደዱበትም ምክንያት እኔ ከጠበቅሁት ልዩ ነበር። ባሕሩንም ሆነ ዓሣውን ሳይሆን ሥራውን ነበር የወደዱት። ገመዱ በሽማግሌው ጀርባ ላይ ሲያርፍ፣ መዳፉን ሲቈርጠው፣ ግራ እጁ ተኮማትሮ አልታዘዝ ሲለው፣ እጁ ብርታት እንዲያገኝ ብሎ ጥሬ ዓሣ እያኘከ ሲውጥ፣ ደራሲው አንዱንም ሳይዘልል በተራው ይነግረናል። ይህን ክፍል ባነበብን ቀን አንዲት ተማሪ እጅዋን አወጣችና እናቷ እንሰት ሲፍቁ አንድ እግራቸውን አንሥተው በተረከዛቸው ቅርፊቱን ሳንቃው ላይ ስለሚይዙት እግራቸው እንደዚያው እየደነዘዘ እንደ ሌላ ሰው እግር እንደሚሆንባቸው ተናገረች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ነገር ግን የሳቀው ነገሩ እውነት ስለ ሆነ ነው። በዚያን ቀን እኔ አንድ ቃል ሳልጨምር ተማሪዎቹ መጽሐፉን ገብተውበት ነበር። ሥራ የሚያውቅ ሰው ሥራ የሚያውቅን ደራሲ ወዲያው ይለየዋል። ሄሚንግዌይ ከቀረው ሥራው ሁሉ ይህችን ትንሽ መጽሐፍ ብቻ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ስለ እጅና ስለ ጀርባ በጻፈው በዚህ ክፍል ብቻ ስሙ ሊነሣ በተገባ ነበር።

እዚያ ላይ ባቆም መልካም ነበር። ነገር ግን መምህር ነኝና ትምህርት ማውጣት አለብኝ ብዬ አሰብሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ሽማግሌው ስለ መጥፋትና ስለ መሸነፍ ልዩነት የሚናገራት አንዲት የታወቀች ቃል አለች። ያችን ቃል በጥቁር ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጻፍኋት። ተማሪዎቹ በደብተራቸው ሽፋን ላይ ገለበጧት። በየዓመቱም የመጨረሻውን ክፍል ጨርሰው ወደ አዲስ አበባ ለሚሄዱት ተማሪዎች እንደ ስንቅ አድርጌ እሰጣቸው ነበር። ሰው በራሱ ጽናት ብቻ መቆም አለበት፤ እጅ መስጠት ነውር ነው፤ አሸንፈህ ካልሆነ አትመለስ። የመጨረሻዋን ደራሲው አላላትም፤ እኔ ነኝ የጨመርኋት። በዚያን ጊዜ ግን ከመጽሐፉ የወጣች ትመስለኝ ነበር።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንዲት እናት ደብዳቤ እንዳነብላቸው ወደ ቤቴ መጡ። ልጃቸው ተማሪዬ የነበረ፣ ትሑትና ብልህ ልጅ ነው። እናቱ በዕቁብ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሰጥተውት መርካቶ ሄዶ አነስተኛ ንግድ ጀምሮ ነበር። ገንዘቡ ጠፋ፤ እንዴት እንደ ጠፋ ዛሬ ማንሣት አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ለሦስት መስቀል ወደ አገሩ አልገባም። መስቀል ለጉራጌ ምን እንደ ሆነ ለዚህ አገር ሰው አልነግርም፤ ለሌላው አንባቢ ግን ልንገረው። ዓመቱን ሙሉ በአዲስ አበባና በሌላም ከተማ ተበትኖ የኖረ ሰው በመስከረም አጋማሽ ወደ ወላጆቹ ቤት ይገባል፤ የሰፈሩ ሰፊ መስክ፣ ጀፎረው፣ በሰው ይሞላል፤ በሬ ይታረዳል፤ ክትፎው ይከተፋል፤ የቀረ ሰው ካለ ስሙ ይጠራል፤ ለምን ቀረ ይባላል። እኚያ እናት ሦስት ዓመት ለምን ቀረ ተብለው ተጠይቀዋል።

ደብዳቤውን ከፍቼ ማንበብ ጀመርሁ። በመካከሉ ያችን ቃል አገኘኋት። መምህር እንዳስተማረን አልተሸነፍሁም፤ ገንዘቡን እስክመልስ ድረስም አልገባም ይላል። ድምፄ ትንሽ ተሰበረ መሰለኝ፤ እናቲቱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይህ እርስዎ ያስተማሩት ነገር ምንድር ነው፣ መምህር?» አሉኝ።

ታሪኩን በአገራችን ቋንቋ፣ በቸሃ፣ ከመጀመሪያው ነገርኋቸው። ባሕርን «ዳር የሌለው ዋቤ» ብዬ ተረጐምሁላቸው። ዓሣው ሲበላ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ በኋላ ዝም ብለው ቆዩና፣

«ታዲያ ሰውየው የት ገባ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ወደ ቤቱ፣ እትዬ።»

«ምን ይዞ?»

«ዐፅሙን ብቻ።»

«ሰዎቹስ ምን አሉት?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ተማሪም ሆነ መምህር ጠይቆኝ አያውቅም። ትንሽ አሰብሁና «አንድ ልጅ ቡና አመጣለት» አልኋቸው።

«እንግዲያው የእኔ ልጅ ለምን አይገባም? ለእርሱ የሚሆን ቡና የለንም?»

በዚያን ማታ መጽሐፉን እንደ ገና አነበብሁት። ማንበብ የጀመርሁትም ከመጨረሻው ነበር። ምን አገኘሁ? አስቀድሞ፣ ያች የታወቀች ቃል የት እንደ ተቀመጠች አየሁ። ሽማግሌው የሚናገራት የመጀመሪያውን ሻርክ ከገደለ በኋላ፣ ሌሎቹ ገና ሳይመጡ ነው። ያለውን ሁሉ ያጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደራሲው ቃሊቱን በመጽሐፉ መጨረሻ ሊያስቀምጣት ይችል ነበር፤ እዚያ ብትሆን ኖሮ የመጽሐፉ ፍርድ ትሆን ነበር። አላስቀመጣትም። በመካከል አስቀመጣት፤ እርሷን ተከትሎ የሚመጣውንም ሌሊት አስከተለባት።

ሁለተኛው ነገር የተናገራት ለማን ነው የሚለው ነው። ሰሚ የለም። ሽማግሌው ድምፁን አሰምቶ ለራሱ ይናገራል። ደራሲው ደግሞ ቀደም ብሎ፣ ሽማግሌው ብቻውን ሲሆን ጮክ ብሎ መናገር የጀመረው ምናልባት ልጁ ከተለየው ወዲህ እንደ ሆነ ነግሮናል። ይህን ስንት ዓመት ዘልዬው ኖርሁ! እንግዲህ እኔ በሰሌዳ የጻፍኋት ታላቅ ቃል ብቸኝነት የወለዳት ቃል ናት። ሰውየው የሚያነጋግረው ሰው ቢኖረው ኖሮ ያችን ቃል ላይናገራት ይችል ነበር። ሐሰት ናት ማለቴ አይደለም። ሌሊቱን የምታሳድር መድኃኒት ናት፤ ለሽማግሌውም ረድታዋለች።

ሦስተኛው ነገር ልጁ ነው። ሽማግሌው በባሕር ላይ ሳለ ልጁ በዚህ በኖረ ብሎ የተመኘበትን ቦታ በእርሳስ እያሰመርሁ ሄድሁ። ዓሣው ሲጐትተው ይመኘዋል፤ እጁ ሲኮማተር ይመኘዋል፤ ሲደክመው ይመኘዋል። ምኞቱ እንደ መዝሙር አዝማች ይመላለሳል። ከዚያ በፊት መጽሐፉን የአንድ ብቸኛ ጀግና ታሪክ ነው እያልሁ አስተምር ነበር፤ መጽሐፉ ግን በየጥቂቱ ገጽ ብቻውን መሆን እንዳልነበረበት ይነግረኝ ነበር።

የመጨረሻዎቹን ገጾች ደግሞ ማንም ሳይቸኩል ቢያነባቸው እወዳለሁ። ሽማግሌው በሌሊት ይደርሳል፤ መብራቱ ጠፍቷል፤ ሰው ሁሉ ተኝቷል፤ የሚያግዘው የለም። የሸራውን ምሰሶ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ ይወድቃል፤ ተነሥቶም እየተቀመጠ እያረፈ ይሄዳል። በነጋታው ልጁ ይመጣል፤ የእጆቹን ቁስል አይቶ ያለቅሳል፤ ቡና ሊያመጣለት ሲወርድም እያለቀሰ ነው፤ ሰውም ቢያየው ግድ አልነበረውም። በወደቡ ዓሣ አጥማጆቹ ተሰብስበው ዐፅሙን በገመድ ይለካሉ፤ 18 ጫማ ይሆናል። ባለ ቡና ቤቱ ማዘኑን ይልካል። ለካስ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎችና አውሮፕላኖች ሲፈልጉት ነበር። ሽማግሌው ሲነቃም የመጀመሪያው ነገሩ ለልጁ መሸነፉን መናገር ነው። አዎን፣ ያው በባሕር ላይ ያን ቃል የተናገረው አፍ በመሬት ላይ ተሸነፍሁ ይላል! ልጁም ዓሣው እንዳላሸነፈው ያስታውሰዋል፤ ሽማግሌው ሽንፈቱ ከዚያ በኋላ የሆነ ነው ብሎ ይመልስለታል። ከዚያም ከራሱና ከባሕሩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሰው ጋር መነጋገር ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኝ ያስተውላል። መጽሐፉን ሁሉ ተሸክሞ የኖረው ሐሳብ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው። ልጁ ወላጆቹ ያሉትን ወደ ጎን ትቶ ከእንግዲህ አብሬህ እወጣለሁ ይለዋል።

በዚያው በመጨረሻው ገጽ ላይ ቱሪስቶች ቡና ቤት ተቀምጠዋል። አንዲት ሴት ያን ረጅም ዐፅም አይታ ምንድር ነው ብላ ትጠይቃለች። አስተናጋጁ ምን እንደ ደረሰ ሊያስረዳት ሲሞክር ዐፅሙ የሻርክ መሰላት፤ አብሯት የነበረውም ሰው እንዲሁ መሰለው፤ ውብ መሆኑን አድንቀው ተቀመጡ። ይህን ክፍል ተማሪዎቼ ሲያነቡ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። በዚያን ማታ ግን አልሳቅሁም። ከ10 ዓመት በላይ ዐፅሙን ከሩቅ እያየሁ፣ እያደነቅሁ፣ የሌላ ዓሣ ዐፅም ነው እያልሁ ያስተማርሁት እኔ ነበርሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የነበረ መምህር ይህን ሐሳቤን ሰምቶ ተቃወመኝ። ወጣቱ ለልመና እንዳይለምድ ጠንካራ ቃል ያስፈልገዋል፤ አንተ መጽሐፉን የቡናና የዕንባ መጽሐፍ አደረግኸው አለኝ። ተቃውሞው ክብደት አለው። ሽማግሌው ገመዱን ቢለቅ ኖሮ ታሪክም አይኖርም ነበር፤ ደራሲው ጽናቱን ያከብራል፤ እኔም አከብራለሁ። ነገር ግን ሽማግሌው ራሱ ከሚገባው በላይ ርቆ መውጣቱን ደጋግሞ ይናገራል፤ ዓሣውንም ይቅርታ ይጠይቀዋል። ጽናትን ብቻ የሚሰብክ ደራሲ ይህን ጸጸት አይጽፍም። ደግሞስ ቡና መቀበል ልመና ነውን? ባልደረባዬ ለዚህ አልመለሰልኝም፤ እንዲያውም ቡና ይምጣልን አለ።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም አልልም። ሴት የምትባል በውስጡ የለችም ቢባል ይቀላል፤ ሽማግሌው የሞተችውን ሚስቱን ፎቶግራፍ እንኳ ሲያየው ብቸኝነት ስለሚሰማው ከግድግዳው አውርዶታል። ከዚያች ቱሪስት በቀር ሌላ ሴት አላስተዋልሁም። ስለ አንበሶቹም አንድ ቃል ልበል። ሽማግሌው በወጣትነቱ በመርከብ ሲሄድ በአፍሪካ ባሕር ዳርቻ ያያቸውን አንበሶች በሕልሙ ያያል፤ መጽሐፉም የሚያልቀው በዚሁ ሕልም ነው። ብዙ ተቺዎች አንበሶቹን የድል ምልክት ያደርጓቸዋል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከአንበሶቹ ይልቅ በአጠገቡ ተቀምጦ የሚጠብቀውን ልጅ አያለሁ።

ለዚያ ተማሪዬ እናቱ እየነገሩኝ ደብዳቤ ጻፍሁለት። እርሳቸው ያሉት አጭር ነው፤ ባዶ እጅህን ግባ፣ እኛ ዕቁቡን ረስተነዋል የሚል ነው። እኔ ከሥር የመጽሐፉን መጨረሻ በግማሽ ገጽ ጨመርሁበት፤ ሳስተምርህ ይህን ክፍል በሚገባ አላነበብሁትም ነበር ብዬም ጻፍሁ። ለአንድ መምህር እንዲህ ብሎ ለተማሪው መጻፍ ቀላል አይደለም።

በዚያ መስቀል አልገባም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ገባ፤ ያውም በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት፣ ሰው ሁሉ ወደ ከተማ ከተመለሰ ወዲህ። በደብዳቤው ምክንያት ይሁን በሌላ አልጠየቅሁትም። ወደ ቤቴ መጥቶ መጽሐፉን አውሰኝ አለኝ፤ ለካስ ክፍል ውስጥ ሲነበብ ሰማ እንጂ እርሱ ራሱ አንድም ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦት አያውቅም። ከሳምንት በኋላ አግኝቼው እንዴት አየኸው ብለው፣ ዓሣው የተያዘበት ደስ ይላል፣ መጨረሻው ግን ያሳዝናል አለኝ። እኔ ስንት ሌሊት ያሰብሁበትን መጨረሻ በአንድ ቃል ዘጋው።

መጽሐፉን እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። ይህን የጻፍሁት ከሌላ ሰው በተዋስሁት ቅጂ ነው።